ቆርቆሮ ካልሄደ ማን ይሄዳል

ሰኞ፣ መጋቢት 16

እንደ ወትሮው። መስኮቴን ከፈትኩ፣ የማኅተሙን ቀለም ነካሁ... ደርቋል። ጨመርኩበት። ከዚያ ቁጭ። ማኅተሙ የሚመታለት ሰው ግን የለም።

የግብር ማሳወቂያው የሚዘጋው መጋቢት 30 ነው። ገና ሁለት ሳምንት አለ። ለዚህ ገበያ ሁለት ሳምንት ማለት የሚቀጥለው ዓመት ማለት ነው። መስኮት አራት ላይ ሃያ ዓመት ስቀመጥ ቀኑ ሳይደርስ የመጣ ነጋዴ አንድ ብቻ አይቻለሁ። እሱም ተሳስቶ ነው፤ የሚፈልገው የመብራት ቢሮውን ነበር።

ነገሩ ሁሉ የቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ማለት ጥግ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠው ሽማግሌ። ፊት ለፊት «ጋሼ» ነው፣ ዞር ሲል ቆርቆሮ። አንድ ዓመት በመጨረሻው ቀን የግብሩ ተመን ተቀነሰ። ቀድመው የከፈሉት ተቃጠሉ፣ እሱ ተኝቶ አተረፈ። ከዚያ ወዲህ ገበያው ያለ እሱ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻው ቀን ቡኒ ኮቱን ለብሶ፣ ፋይሉን ብብቱ ሸጉጦ ሲወጣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ይከተለዋል። «ቆርቆሮ ሄደ?» «አልሄደም።» «እንግዲያው አርፈህ ተቀመጥ።» ለእኛ ደግሞ በዚያ ቀን ምሳ የለ፣ ሽንት ቤት የለ...

ቤት ስገባ እማዬ ሁለት ብርጭቆ አጥባ ደፍታለች። ወንድሜ መጥቶ ነበር ማለት ነው። እኔ ሥራ ስሆን ጠብቆ ነው የሚመጣው። «ምን አለ?» አልኳት። «ስለ ፀጉር አወራን» አለችኝ። ፀጉር አስተካካይ ስለ ሌላ ምን ያወራል!

ካናገረኝ ሁለት ዓመት ሆነው። ያኔ ለቁጥጥር የመውጣት ተራው የኔ ነበር። ከባልደረቦቼ ጋር ሱቁ ገባን። የአባታችን ሱቅ፣ ሦስቱ ወንበሮች። ደረሰኝ ጠየቅኩ። የለም። ቀጣሁት። አንድ ደንበኛ ግማሽ ጺሙ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደሆነ አፉን ከፍቶ ያየናል። ታዲያ ወንድሜ ነው ብዬ ልለፈው ኖሯል? ምን ቆርጦኝ! ጎረቤቱን ቀጥቼ እሱን? ዛሬም ቢሆን እቀጣዋለሁ። እሱ ግን አኮረፈ። ኩርፊያውም ልክ የለው፣ ከዚያ ወዲያ ግብሩን አላሳወቀም። ቅጣቱ ወለድ ወልዶ፣ ወለዱ ተዋልዶ ከሱቁ በላይ ሆኗል። ካላሳወቀ ዕዳ የለበትም የሚለውን ክሊራንስ አያገኝም፣ ክሊራንስ ከሌለው ፈቃዱ አይታደስም። አከራዩ ደግሞ ቤቱን ለፋርማሲ ለማከራየት ቋምጧል። የአባቴ ወንበሮች ሜዳ ሊወድቁ ነው።

ድሮ «እትዬ» ነበር የሚለኝ። አሁን እማዬን «መስኮት አራት ደህና ናት?» ብሎ ይጠይቃታል አሉ።

ዛሬ መስኮት ሁለት ላይ የሚሠራው ባልደረባዬ አስነጠሰው። ሁላችንም ዞረን አየነው። «አቧራ ነው!» ብሎ ማለ። ያ በሽታ እዚህ አይደርስም ይላሉ። እንጃ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ደረሰ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ምግብ ቤት ተዘጋ፣ ፀጉር ቤት ተዘጋ። ዋና ዋና የሚባሉት ብቻ ይሠራሉ። ግብር ዋና ነው መሰለኝ፣ እኛን አልዘጉንም።

በሱቁ በኩል አለፍኩ። መዝጊያው ተጎትቷል። በክፍተቱ አጮልቄ አየሁ... ሦስቱ ወንበሮች ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 25

ከላይ ደብዳቤ መጣ። ማሳወቂያው በአንድ ወር ተራዘመ፣ እስከ ሚያዝያ 30።

መስኮት ሁለት ከደስታው ብዛት ሊያቅፈኝ ተነሣና ርቀት መጠበቁ ትዝ ሲለው ወንበሩን አቀፈ። እኔ ደስ አላለኝም። ይህን ገበያ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ስትሰጠው አንድ ወር ይጠይቃል። አንድ ወር ስትሰጠው ምን ሊል ነው?

እሁድ፣ ሚያዝያ 6

ወንድሜ እማዬን ለማየት መጣ። ሽማግሌ ቤት መግባት አደጋ ነው ስለተባለ ከታች መንገዱ ላይ ቆመ፣ እሷ በረንዳ ላይ። እኔም ዛሬ ቤት ነኝ። የት ልሂድ? ከኋላዋ ልብስ እያጠፍኩ ቆምኩ።

«ከሳህ» አለችው።

«አልከሳሁም፣ ከላይ ሲያዩት ነው እንጂ።»

«ሱቁስ?»

«ተኝቷል።»

«እህትህን ጠይቃት እንጂ፣ አንድ ነገር...»

«መስኮት አራትን? ፎቁ ላይ አንድ መስኮት ብቻ ነው የማየው፣ አራተኛው የታለ?»

እማዬ ሳቀች። እኔም ልስቅ ነበር፣ አንሶላው ውስጥ ፊቴን ደበቅኩ። ልጅ ሆነን አባባ ሁለታችንንም አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ በአንድ ጨርቅ ሸፍኖ ሲያስተካክለን እንዲህ ነበር የሚያስቀኝ። ጆሮዬ ሊቆረጥ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 29

ሌላ ደብዳቤ! ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ሦስቴ አነበብኩት።

አንደኛ፣ ቀኑ እስከ ግንቦት 30 ተራዝሟል። ሁለተኛ፣ በዚህ ቀን ውስጥ ያሳወቀ ሰው ያለፉት ዓመታት ቅጣትና ወለዱ ይሰረዝለታል። ሙሉ በሙሉ! በትእዛዝ የተዘጋ ሱቅ ደግሞ ዋናውን ግብር ዓመቱን ሙሉ ከፋፍሎ ይከፍላል። ሦስተኛ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ማራዘሚያ የለም። ቀኑ ያለፈበት፣ የድሮው ቅጣት ከነወለዱ ይመለሳል።

ወረቀቱን ይዤ ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ወንድሜ ሊተርፍ ነው! አንድ ወረቀት ሞልቶ ይምጣ እንጂ... አንድ ወረቀት!

የወንድሜ ሚስት ጋ ደወልኩ። እኔን ታናግረኛለች፣ እሷ ፀብ አታውቅም። ነገርኳት። «አይሄድም» አለችኝ። «ለምን?» «ሌላ ቀን ይጨምራሉ ይላል። ገበያው በሙሉ እንደዚያ ነው የሚለው። አንዴ ቀን መግፋት የጀመረ አያቆምም ነው የሚሉት።» ከዚያ ቅጣቱ ስንት እንደደረሰ ልትነግረኝ ጀመረች። ለቀባሪው አረዱት! ማን የጻፈው መሰላት?

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ሰው የለም። በመስኮቱ ላይ የተገጠመልኝን መስታወት ወልውዬ ወልውዬ የራሴን ፊት ሳይ ዋልኩ። አርጅቻለሁ እንዴ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

ኃላፊያችንን ጨቅጭቄ የጤና ቢሮውን መኪና አስፈቀድኩ። እጅ ታጠቡ እያለ በገበያው የሚዞረው፣ ድምፅ ማጉያ ያለው። ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩና ጀመርኩ፤ «ውድ ግብር ከፋዮች! ግንቦት 30 የመጨረሻው ቀን ነው! ቅጣታችሁ ይሰረዛል...»

ድምፄን ሲሰሙ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የተከፈተው ሁሉ ተዘጋ! የእህል ሻጯ መዝጊያውን በላይዋ ላይ ጎተተችው። ጫማ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ ሮጠ። ሾፌሩ «እህቴ፣ እኔ ስለ በሽታው ስናገር እንኳ እንዲህ አልሮጡም» አለኝ።

አንዱ ከውስጥ ሆኖ ጮኸ፤ «በየዓመቱ የመጨረሻው ቀን ነው ትያለሽ! በየዓመቱ ሦስት ቀን ትጨምራላችሁ!»

እውነቱን ነው። እንጨምራለን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ማንም።

እሁድ፣ ግንቦት 18

ጉድ ሰማሁ። የወንድሜ ሚስት ለእማዬ መድኃኒት ይዛ መጥታ በሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ራቅ አለች። በማስኩ ውስጥ እያወራችኝ ነው።

«ታዲያ ቆርቆሮ ሳይሄድ ማን ይሄዳል?» አለችኝ።

«ቆርቆሮ ምን ይጠብቃል?»

«ምን ይጠብቃል! ሰውዬው በሽታው ይዞት እቤቱ ተዘግቶበታል እኮ። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በሩ ላይ የጤና ሰው ቆሟል፣ ማንም አይገባ፣ ማንም አይወጣ።»

ቁጭ አልኩ። ደረጃው ላይ። ገበያው በሙሉ አንድ ኮት እስኪወጣ እየጠበቀ ነው፣ ኮቱ ደግሞ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል! «ቆርቆሮ ሄደ?» «አልሄደም።» «እንግዲያው ጊዜ አለ።» እንዴት ይሄዳል? ሕዝቤ ጉዱ ፈልቷል። ወንድሜም አብሮ።

«ይሻለዋል ግን?» አልኳት።

«ትናንት በመስኮት ሲሳደብ ተሰምቷል።»

እንግዲያው ይሻለዋል።

ሰኞ፣ ግንቦት 19

የሌሊቱን እንቅልፍ ለመመሪያው ሰጠሁት። አገኘሁ። በመጨረሻው ገጽ፤ በበሽታው ምክንያት የተዘጋበት ግብር ከፋይ ባለበት ሆኖ መፈረም ይችላል፣ የቢሮው ሠራተኛ እቦታው ሄዶ ይረከባል።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ኃላፊው። ልጅ እግር ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ፈሪ ነው።

«ይረከባል ይላል» አለኝ። «ማኅተም ይዞ ይሄዳል አይልም። ማኅተም ከዚህ ግቢ ወጥቶ አያውቅም።»

«ሰውስ እቤቱ ተቆልፎበት ያውቅ ነበር?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ እኔ ዛሬ ሁለቱንም ሆንኩ። ከፊቱ አልነሣም አልኩ። ስልክ መጣ፣ አወራ፣ እኔ አለሁ። ሻይ መጣለት፣ ጠጣ፣ እኔ አለሁ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን ዘበኛው አብሮ ይሂድ። ማኅተሙን እሱ ይያዝ።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20



ጠዋት ወጣን። ዘበኛው ማኅተሙን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ሙሽራ እንደሚያጅብ ቀስ እያለ ይራመዳል። «ፈጠን በል እንጂ!» ስለው «ቢወድቅስ?» ይለኛል። በገበያው ስናልፍ መዝጊያዎቹ ሁሉ ስንጥቅ ስንጥቅ ከፈት አሉ። መስኮት አራት ማኅተም ይዛ የት ትሄዳለች?

የቆርቆሮ ቤት ፎቅ ነው፣ ከሱቁ በላይ። በሩ ላይ ያለችው የጤና ሠራተኛ ከመስመሩ አታልፉም አለችን። ከመንገዱ ላይ ተጣራሁ።

«ጋሼ! ጋሼ!»

መስኮቱ ተከፈተ። ከስቷል። ጺሙ አድጓል። ፒጃማ ላይ ግን... ቡኒ ኮቱን ደርቧል!

«አንቺ! እዚህም መጣሽ? ሞቼ እንደሆነ ልታጣሪ ነው?»

«እግዜር ይማርዎት ጋሼ። ላስፈርምዎት ነው።»

«ቀኑ ገና ነው።»

«አሥር ቀን ነው የቀረው። ከዚያ በኋላ የለም።»

«በየዓመቱ...»

«በየዓመቱ ውሸት ነው፣ የዘንድሮው እውነት ነው!» አልኩት። ምን አመጣው ይኼን ቃል? ለነገሩ ወጣ።

ሳቀ። ሳል ያዘው። ቆይቶ ድምፁ ተቀየረ። «ቅጣቱ ይሰረዛል የሚባለው... የእውነት ነው? የኔም አለ፣ የሁሉም አለ።»

«መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ላንብብልዎት?»

«ወረቀት ተይኝ። ሃያ ዓመት ከአንቺ አፍ የሰማሁት ‹ቅጣት አለው› ነው። ቀን ስናሳልፍ ቅጣት አለው፣ ደረሰኝ ስንረሳ ቅጣት አለው። አሁንም ከአንቺው አፍ ልስማው። ቅጣት የለም በይ።»

«ቅጣት የለም።»

«አልሰማሁም!»

«ቅጣት የለም!»

«ማስክሽ ዋጠው!»

ጎኔን ያዝኩ። የአባቴ ልጅ እኮ ነኝ፣ ከመንገዱ ጫፍ ሆኖ ደንበኛ ይጠራ የነበረው የፀጉር አስተካካዩ ልጅ። ያለ የሌለ ድምፄን አወጣሁት፤ «ቅጣት የለም! እስከ ግንቦት 30 ለመጣ ሰው፣ ቅጣት... የለም!»

ከዚያ አንዱ መዝጊያ ግርር ብሎ ተከፈተ። ሌላው። ሌላው። ጫማ ሰፊው ወጣ። የእህል ሻጯ «ምን አለች?» ስትል ሰማሁ። «ቅጣት የለም አለች! መስኮት አራት!» «ውሸት!» «በጆሮዬ!»

ቆርቆሮ በገመድ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አወረደ። ቅጹን ጨመርኩ። ተሳበ። መነጽሩን ሲፈልግ ቆየ... ወረደ። ፈርሟል! የጤና ሠራተኛዋ ወረቀቱ ላይ መድኃኒት ረጨችበት። የማስደግፍበት ጠረጴዛ የለኝም። ዘበኛው ሳይነገረው ጎንበስ አለልኝ። በጀርባው ላይ አስደግፌ መታሁት። ጓ!

ቆርቆሮ ከላይ ሆኖ ለገበያው ጮኸ፤ «ምን ትጠብቃላችሁ እንግዲህ? ቆርቆሮ ሄዷል በሉ!»

አለቀስኩ። ማስኩ ረጠበ። ማንም አላየኝም፣ ቢያየኝስ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 21

ሰልፉ ግቢውን ሞልቶ፣ አጥሩን ዞሮ፣ መብራት ቢሮ ደረሰ። በመሬቱ ላይ ለርቀት የሠራናቸው ክቦች አልበቃ ብለው ዘበኛው በኖራ ሌላ ሲሥል ዋለ። ጫማ ሰፊው መስኮቴ ጋ ሲደርስ «አንድ ጊዜ እዚህ በይልኝ፣ እንደ ትናንቱ» አለኝ። «ቅጣት የለም» አልኩት። ሳቀ፣ ፈረመ፣ ሄደ። ከእሱ በኋላ ያሉትም እየጠየቁኝ... ድምፄ ተዘጋ። ደስ የሚል መዘጋት።

ወንድሜ የለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 26

እጄ ዛለ። ከገበያው የቀረው ጥቂት ነው። እሱ ግን አልመጣም። ሚስቱ ጋ ደወልኩ። «ያን ቀን ስትጮሂ ሰምቷል። እስኪያመው ነው የሳቀው» አለችኝ። «ታዲያ?» «‹ሄጄ መስኮቷ ላይ ልቁም? ትልቅ ሰው ነኝ እኮ› ነው የሚለው።»

ትልቅ ሰው! አከራዩ ትናንት ፋርማሲስቱን ይዞ መጥቶ ግድግዳውን እየለኩ ነበር አለችኝ። ግድግዳውን እየለኩለት እሱ ኩራቱን ይለካል።

እማዬ ሰማችን። ስልኩን ተቀበለችኝ። ሚስቱ ለእሱ እንድትነግረው አዘዘቻት፤ «እሷ ለሰው ሁሉ በአደባባይ ጮኻለች በይው። እሱ በጸጥታ መጥቶ አንዴ ቢፈርም ምን ይሆናል በይው።» ከዚያ ስልኩን ሰጥታኝ ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

አርብ፣ ግንቦት 30

የመጨረሻው ቀን። ከጠዋቱ ጀምሮ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ሰው መጣ፣ ሄደ። ከሰዓት ሰልፉ አለቀ። ሊዘጋ ሲል ዘበኛው በሩን ጨበጠ... «ቆይ!» አልኩት። ምን አይቼ? ምንም። ዝም ብዬ ቆይ አልኩ።

መጣ። አባባ ለክብር ቀን ይለብሰው የነበረውን ጃኬት ለብሶ፣ ቅጹን አራት አጥፎ። ማስኩ እስከ ዓይኑ። እኔን ሳያይ፣ ባዶው አዳራሽ መሐል ክቡ ውስጥ ቆመ።

የኔ መስኮት ብቻ ነው ክፍት። የዘመድ ፋይል ደግሞ አልነካም፣ አምና የወጣ ሕግ ነው፤ ወደ መስኮት ሁለት መሄድ አለበት። መስኮት ሁለት ግን ትኩሳት አለኝ ብሎ ትናንት ለምርመራ ሄዷል! ከወንበሬ ዘልዬ ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። «ይነሡ! መስኮት ሁለት ላይ ይቀመጡ!»

«እኔ? እኔ እኮ መስኮት ላይ ከተቀመጥኩ...»

«ወንድሜ ነው። ልነካው አልችልም። ይነሡልኝ!»

ተነሣ፣ እግዜር ይስጠው። ተቀመጠ። ወረቀቱን ገለበጠ፣ እንደገና ገለበጠ። ቀለሙን አጣው። እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ከጀርባው ቆሜያለሁ፤ አልነካም ብያለሁ። «ሁለተኛው መሳቢያ» አልኩት። ከፈተ። «በስተቀኝ።» አገኘው። «እዚህ ጋ ይመታል?» «ዝቅ ብሎ፣ ፊርማው አጠገብ።» ወንድሜ በመስታወቱ ማዶ ያየናል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው! ያ ግማሽ ጺሙን የተላጨው ሰውዬ ትዝ ብሎት ይሆን?

ኃላፊው ማኅተሙን አነሣ፣ አሰበ... መታው።

አለቀ። ቅጣቱ ሄደ፣ ወለዱ ሄደ፣ ተዋልዶ የነበረው ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ ሄደ!

ወንድሜ ወረቀቱን አጠፈ። ከመስኮት ሁለት ዞር ብሎ ወደ መስኮት አራት፣ ወደ ባዶው ወንበሬ አየ። ከዚያ እኔን። ዘበኛውን ብቻ «ደህና ዋል» ብሎት ወጣ። ይሁን። እኔ ጠረጴዛውን በሁለት እጄ እየደበደብኩ ጨፈርኩ፣ ኃላፊው እያየኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 13

ክሊራንሱ ወጣ። ፈቃዱ ታደሰ። ፋርማሲስቱ ሌላ ቤት ይፈልግ። መስኮት ሁለትም ነጻ ተባለ፣ ነገ ይገባል። ባስነጠሰው ቁጥር አልዞርበትም ብያለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 22

ፀጉር ቤት ተፈቀደ። ማስክ አድርጎ፣ ወንበር አራርቆ።

ሥራ የለኝም፣ ቅዳሜ ነው። ገበያ ልውጣ ብዬ ወጣሁ። ምን ልገዛ? እንጃ። እግሬ ወሰደኝ። መዝጊያው እስከ ላይ ተከፍቷል። አንደኛው ወንበር ላይ ቆርቆሮ ተዘርግቷል፣ አገጩ ላይ አረፋ፣ ቡኒ ኮቱ ሚስማር ላይ። ሲያየኝ በአረፋው ውስጥ «ዘንድሮ ገበያው እኔን መጠበቅ ትቷል» አለኝ። «‹መስኮት አራት ምን አለች?› ሆኗል ጥያቄው። ሥራዬን ቀማሽኝ።»

«ለሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያው ቀን ይምጡና ይመልሱት።»

«ሞቼ ነው በመጀመሪያው ቀን የምመጣው!»

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ የቆርቆሮን ጺም ጨረሰ፣ ምላጩን አጠበ፣ ሦስተኛውን ወንበር፣ የአባባን፣ በጨርቅ ጠረገ። ወደ እኔ ሳያይ «ተቀመጪ» አለ።

ተቀመጥኩ። ጨርቁን በአንገቴ ዙሪያ አሰረ። የአባባ ጨርቅ ነው፣ ሰማያዊው። በመስታወቱ ውስጥ አየሁት፣ አየኝ። ሽበቴን በጣቱ አነሣ።

«ማን ነው እንዲህ የበጣጠሰሽ?»

«ራሴ። ተዘግቶ አልነበር?»

«ቅጣት አለው» አለ።

ሳቅኩ። እሱም። ቆርቆሮም ሳቀ፣ ሳል ያዘው። ከዚያ መቀሱ ብቻ። ስለ ምንም አላወራንም፤ ስለ ፀጉር አወራን። ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ቀስ አለ።

ሲጨርስ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ከፈልኩ። ልወጣ ስል «ቆይ» አለኝ። ከመሳቢያው አዲስ የደረሰኝ ጥራዝ አወጣ፤ ገና አንድ ቅጠል አልተቀደደበትም። ካርቦኑን አስገባ። ጻፈ። ቀኑን፣ ዋጋውን፣ ፊርማውን። ቀደደና ሰጠኝ። እኔ ሳልጠይቀው!

ቤት ደርሼ ከእማዬ ፊት ዘርግቼ አነበብኩት። ሃያ ዓመት ደረሰኝ ያየሁ ሰው ነኝ፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ስህተት ላይ ነው። ቀኑ ልክ ነው። ዋጋው ልክ ነው። የደንበኛው ሙሉ ስም በሚለው ቦታ ላይ ግን «እትዬ» ብሎ ጽፏል። ሙሉ ስም አይደለም። በሕጉ መሠረት ቅጣት አለው።

አልቀጣውም።